ይተንፍስ እንጂ አይጠጣ

ውድ ስትራቲስ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ዛፊሪስ ነው፣ የግንበኛው የጋሽ ትሪፎን የእህት ልጅ። ሮተርዳም ላይ መርከባችሁን ሊቀላቀል ነገ ወደ ካቫላ በሚሻገረው ጀልባ ከደሴታችን ይወጣል። ወጥ ቤት ነው አሉ የተቀጠረው፤ እግዜር ይርዳችሁ። አይብም ልኬልሃለሁ። ሽታው ጓደኞችህን ካስቸገረ ዛፊሪስ ጋ ይቀመጥ፣ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ምንም አይሸተውም።

ለምን አትደውዪም ትለኝ ይሆናል። በስልክማ አንተ «ሃሎ» ስትል እኔም «ሃሎ» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም፣ ከዚያ ሁለታችንም ባንዴ እንጀምርና እንደገና ዝም። በዚያ ላይ እናትህ ከወዲያኛው ክፍል ሆነው ያዳምጣሉ። ዓይናቸው ጉም ከለበሰ ወዲህ ጆሯቸው የድመት ሆኗል። እኔ ደግሞ የምለምንህ ነገር አለኝ፤ በጩኸት የሚለመን አይደለም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ አለዚያ አይገባህም። እኔም ስጽፈው ይገባኝ እንደሆነ ልይ። ግን ዋናውን አስቀድሜ ልበልህና እንዳትጨነቅ፤ እናትህ በሕይወት አሉ፣ ደህና ናቸው። አንተ ግን የሞትክ ይመስላቸዋል። አንድ ሰሞን የሚተነፍሱበትን የኦክስጂን ማሽን ቱቦ ካፍንጫቸው ነቅለው «ለማን ብዬ ነው የምተነፍሰው» ብለውኝ ነበር። አሁን መልሰው አድርገውታል። ግን በቃል ነው ያደረጉት። ቃሉን የሰጠሁት እኔ፣ የሚፈጽመው አንተ።

ይህን ሁሉ ያመጣው የባትሪው ቤት ነው።

ባትሪዎቹንና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠውን ኢንቨርተር ከፒሬዎስ ወደብ ልከህ፣ ልትሳፈር ስትል በስልክ ያዘዝከኝን እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ። ቤት ውስጥ እንዳይገባ። ፀሐይ እንዳያገኘው። መሬት ላይ እንዳይቀመጥ። ከመኝታ ቤት መስኮት ይራቅ። ዙሪያው እንጨት እንዳይሆን። «ደግሞ ጋሪፋሊያ፣» አልከኝ፣ «ይተንፍስ እንጂ አይጠጣ።» እኔም «ስለ ባትሪው ነው ስለዚያ ጠጪ ወንድምህ?» ስልህ ሳቅህን ለቀቅከው። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ጥርት አድርገህ ስትስቅ አልሰማሁህም።

ቦታ ፍለጋ ቤቱን ዞርኩት። በደቡብ በኩል ፀሐይ ነው። በምዕራብ በኩል ነፋሱ የባሕሩን ጨው ይረጫል፤ ብስክሌትህን ምን እንዳደረጋት ታውቃለህ። በምሥራቅ የእናትህ መስኮት አለ። የቀረው ሰሜኑ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ። ያ ደግሞ መንገዱ የሚታጠፍበት፣ አውቶቡሱ ጥሩምባውን የሚነፋበት ጥግ ነው። ምን ላድርግ? አንተ ያልከው ሁሉ የሚስማማው እዚያች ጥግ ላይ ብቻ ሆነ።

ጋሽ ትሪፎንን ጠራሁት። የሱ እጅ ወርቅ ነው። ግን ታውቀው የለ፣ ዕድሜ ልኩን በየመንገዱ ዳር፣ ሰው በሞተበት ቦታ የምናቆማቸውን የቀንዲል ቤቶች ሲገነባ የኖረ ሰው ነው። በወደቡ መታጠፊያ፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ በሞተር ሳይክል የሞተበት ላይ ያለችው፣ ውስጧ ቀንዲሉና የልጁ ፎቶ ያለባት፣ እሷም የሱ ናት።

«ምን ይገባበታል?» አለኝ።

«ባትሪ።»

«የመኪና?»

«የቤት ነው እንጂ። ሦስት ናቸው፤ አንዱ አንድ ጠቦት ያህል ይከብዳል። መብራት ሲሄድ የአማቴ የእማማ ጴላጊያ መተንፈሻ ማሽን እንዳይቆም ነው።»

«ታዲያ ምን ዓይነት ቤት ነው የምትፈልጊለት?»

«ዝናብ የማያስገባ፣ አይጥ የማያስገባ፣ አየር ግን የሚያስገባ።»

አገጩን አከከና «እንዲህ ያለውንስ ሠርቼ አውቃለሁ» አለኝ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

መሠረቱን እስከ ጉልበት ከፍ አድርጎ በሲሚንቶ ሞላው፤ ጎርፍ ቢመጣ በሥሩ እንዲያልፍ። በላዩ ብሎኬት ደረደረ። ውስጡን እሳት የማይበላው የሲሚንቶ ሰሌዳ አለበሰው። ክዳኑን ግን እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ለምን እናስረዝመዋለን ብዬ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ አስመታሁ። በሁለተኛው ቀን ነፋሱ ነቅሎ የጎረቤታችን የእትዬ አርጊሮ በለስ ላይ ሰቀለው። ጋሽ ትሪፎን ደስታውን መደበቅ አቃተው። «እግዜርም ጠፍጣፋ አይወድም» ብሎ በሁለት ወገን የሚያፈስ፣ ቀይ ሸክላ የለበሰ፣ ጫፉ ወጣ ወጣ ያለ ክዳን ሠራለት። ውኃው ግድግዳውን ሳይነካ እንዲወርድ ነው።

የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባው ከሥር ነው። ከመግባቱ በፊት ደግሞ ዝቅ ብሎ እንደ ጆሮ ጉትቻ ይንጠለጠላል፤ በገመዱ ላይ እየሮጠ የመጣ ውኃ እዚያች ዝቅታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ አይወጣም። እሱን ከልብስ ማስጫዬ ነው የተማርኩት፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ጠብታው ሁሌ የሚሰበሰበው ገመዱ ከረገበበት ላይ ነው። አየህ፣ ሚስትህም አንድ ነገር ታውቃለች።

ባትሪዎቹ ሳይገቡ ልፈትነው አልኩ። ወለሉ ላይ ዱቄት ነሰነስኩ፣ በሩን ዘጋሁና በአትክልት ማጠጫው ጎማ ከላይም ከጎንም ለቀቅኩበት። ጋሽ ትሪፎን ጮኸ። «ቤተ ክርስቲያን ገንብቼ ማንም በጎማ አላጠበብኝም! ጥምቀት ነው እንዴ?» ስከፍተው በበሩ ጥግ በኩል ዱቄቱ ላይ ምስር የምታህል ሊጥ ተቀምጣለች። በጣቴ አንስቼ አሳየሁት። ሊጧን አያት፣ እኔን አየኝ፣ የበሩን ላስቲክ ገሽልጦ እንደ አዲስ ለጠፈ። ዳግመኛ ስንሞክር ዱቄቱ እንደተነሰነሰ ደርቆ ጠበቀን። ዶሮዎቹ በሉት።

የቀረው መተንፈሻው ነው። ቀዝቃዛው አየር ከታች ገብቶ የሞቀው ከላይ እንዲወጣ። ከታች ተራ ቀዳዳ በሳ። ምሳ ላሰናዳ ገብቼ ስመለስ ከላይ፣ ፊት ለፊት፣ አራት ቀዳዳ በመስቀል ቅርጽ በስቶ፣ በወንፊት ሽቦ ሸፍኖ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ቆሟል።

«ለምን መስቀል?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ? ኳስ?»

ይኸውልህ፣ እጁ ሌላ ቅርጽ አያውቅም። ደግሞ አማረኝ፣ ምን እዋሻለሁ። በኖራ ነጭ አደረግኩት፤ ነጭ ሙቀት አይስብም ብለሃላ። በሩ መስታወት አለው፤ ጋሽ ትሪፎን ከሌላ ሥራ የተረፈ ነው ብሎ ያመጣው ነው። የኢንቨርተሩን መብራት በሩን ሳልከፍት ለማየት ተመቸኝ። ከምን ሥራ እንደተረፈ አልጠየቅኩም።

አሁን እስቲ አስበው። ነጭ ነው። ክዳኑ ቀይ። ከመሬት ከፍ ያለ። መስቀል አለው። በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ መብራት ብልጭ ትላለች። መንገዱ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ። ያውም ባሏ መርከበኛ በሆነ ሴት ደጃፍ። እኔ ግን አልታየኝም ስትራቲስ! ለእያንዳንዱ ምክንያት ነበረኝ። ምክንያቶቹ ተሰብስበው ምን እንደሚመስሉ ግን መንገዱን ተሻግሬ አላየሁም።

መጀመሪያ ያማተበው የአውቶቡሱ ሹፌር ነው። ጥሩምባውን ሳይነፋ፣ ዝግ ብሎ፣ አማትቦ አለፈ። እኔም ጥሩ ልጅ ነው አልኩ። ቀጥሎ በሩ ሥር አበባ አገኘሁ፤ ነፋስ ያመጣው መስሎኝ አንስቼ ማሰሮ ውስጥ አደረግኩት። ከዚያ ሥጋ ሻጩ አጥንት ጨመረልኝ። ያ ሰውዬ ለገዛ እናቱ አጥንት አይጨምርም። ዳቦ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። እኔ ምን አደረግኩ ብዬ መላ ሰውነቴን እፈትሻለሁ፣ ቀሚሴን ገልብጬ ለብሼ እንደሆነ አያለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንተ አትደውልም ነበር። ውቅያኖሱ መካከል ስልክ እንደማይሠራ አውቃለሁ፣ ነግረኸኛል። ማወቅ ግን ሌላ ነው።

አንድ ጠዋት እትዬ አርጊሮ ሳህን ይዛ መጣች። ስኳር የተነሰነሰበት፣ የሮማን ፍሬ ጣል ጣል ያለበት ንፍሮ።

«ነፍስ ይማር» አለችኝ።

«የማንን?»

«አይዞሽ ልጄ። ከኛ መደበቅ ምን ያደርጋል? መርከቡ ነው አይደል?»

«የምን መርከብ? ስትራቲስ ደህና ነው!»

«መቼ ደወለልሽ?»

ቀኑን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። እሷም እጄን ይዛ ወደ ጥጉ በአገጯ አመለከተችኝ።

«ታዲያ ያንን ለማን ብለሽ አሠራሽ?»

«ባትሪ ነው፣ እትዬ።»

«ባትሪ» አለች፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «እሺ የኔ ልጅ፣ ባትሪ ነው።» ሳህኑን አስጨብጣኝ ሄደች።

በስልክ ልነግርህ የማልችለው ይህን ነው። ንፍሮውን ይዤ ኩሽና ገባሁ፤ ቆሜ በማንኪያ በላሁት። ጣፈጠኝ ደግሞ። እየበላሁ አሰብኩ፤ እውነት ሆኖ ቢገኝ ነገ ምኔ ይለወጣል? ዶሮዎቹን እመግባለሁ። የእናትህን ማሽን አጸዳለሁ። ከአልጋው በግድግዳው በኩል እተኛለሁ፣ የአንተን ወገን አልነካም። ጥቁር ቀሚስ አለኝ። እሑድ እሑድ ትደውል ይሆን ብዬ ስልኩን አላይም፣ ያ ብቻ ነው የሚቀረው። ሌላ የሚለወጥ ነገር ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ያኔ ማንኪያዬን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ። የሞትክ መስሎኝ ይሁን፣ ወይስ ብትሞትም የሚለወጥ ነገር ስላጣሁ ይሁን አላውቅም። እስከ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው። ይህን ስጽፍልህ አትቀየመኝ። አልወድህም ማለቴ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ምን ማለቴ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።

በማግስቱ ደወልክ። ድምፅህን ስሰማ ስልኩ ከእጄ አምልጦ ሊሰበር ነበር። የካፒቴኑን ነገር የነገርከኝ ያኔ ነው፤ እስከ መኸር ቆይልኝ እንዳለህ፣ አንተም ውሉን ለመፈረም እንደምታስብ። እኔ ግን ሕያው መሆንህን እንጂ ሌላውን መች ሰማሁት፤ ሮጬ ለእናትህ ሰጠኋቸው። እሳቸው ለካ የእትዬ አርጊሮን ወሬ በመስኮት አንድ በአንድ ሰምተው ሌሊቱን በእንባ አንግተዋል። ያዳምጡሃል፤ አንተም መስመሩ እየቆራረጠብህ «እሺ እማዬ፣ እሺ፣ እሺ» ትላለህ። ስልኩን መለሱልኝ።

«ማነው ይሄ?»

«ልጅዎ ነዋ እማማ!»

«የኔ ልጅ በሕይወቱ እሺ ብሎኝ አያውቅም።»

«ተሻሽሎ ይሆናላ።»

«ሰው ባሕር ላይ አይሻሻልም። በቴሌቪዥን ሰምቻለሁ፣ ዘንድሮ ማሽን የሰው ድምፅ ይሠራል። አሳዝኜሽ ነው ያሠራሽልኝ። ተባረኪ። አሁን ይህችንም መተንፈሻ አጥፊያት» ብለው ቱቦውን ከአፍንጫቸው ነቅለው ደረታቸው ላይ አስቀመጡት።

እኔ ማሽኗን አላጠፋሁም። አልጋቸው አጠገብ በከንቱ ስታፏጭ ዋለች። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ቀስ ብዬ አደርግላቸዋለሁ፣ ሲነቁ ይነቅሉታል። ከንፈራቸው መጥቆር ጀመረ። ሐኪሙ መጥቶ እንዲህ ከቀጠሉ ለፋሲካ አይደርሱም አለኝ። ለሳቸውም ነገራቸው። «ልጄ ጋ ነው የምሄደው፣ አንተ ምን ቸገረህ» አሉት።

በንዴት ወጥቼ መስታወቱ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። «ባትሪ ነው። ማንም አልሞተም» ይላል። የአውቶቡሱ ሹፌር አቆመ፣ አነበበ፣ አማተበ።

«አሁን ለምንድነው?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ማንም ካልሞተማ ይበልጥ ነው እንጂ!» ብሎኝ ሄደ።

ጋሽ ትሪፎንን መስቀሉን ድፈንልኝ ብዬ ለመንኩት። «በዚህ እጄ መስቀል እሠራለሁ እንጂ አልደፍንም። አንቺ ድፈኚው» ብሎ የግንበኛ ማንኪያና ሲሚንቶ ሰጠኝ። ይዤ ሄድኩ። ፊቱ ቆምኩ። ከቀዳዳው ሞቅ ያለ አየር ግንባሬ ላይ ሲነፍስብኝ ማንኪያውን ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ ተመለስኩ። ደግሞስ ብደፍነው በምን ይተነፍሳል?

ከዚያ የደቡቡ ነፋስ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ዝናቡ አግድም ይመታ ጀመር። መብራት በመንደሩ ሁሉ ድርግም አለ። እኔ ዱቄቷ ትዝ አለችኝ፣ ያቺ ምስር የምታህል ሊጥ፤ ውኃ ገብቶ ይሆን ብዬ ኮትህን ደርቤ ሮጥኩ። ስደርስ እትዬ አርጊሮ ራሷ ላይ ላስቲክ አጥልቃ፣ በሩን ከፍታ፣ የተለኮሰ የዘይት ቀንዲል ባትሪዎቹ ላይ ልታስቀምጥ ታጎነብሳለች!

«እትዬ! እሳቱን!»

«ጨለማ ነው እኮ! በዚህ ቀን የባልሽ ቀንዲል ይጥፋ?»

ቀንዲሉን ከእጇ ነጠቅኩት፣ ዘይቱ ኮትህ ላይ ፈሰሰ፣ ይቅርታ። እሷ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ታያለች። ሦስቱን ጥቁር ሣጥኖች፣ ገመዶቹን፣ አረንጓዴዎቹን መብራቶች።

«ፎቶው የታል?» አለች።

«ፎቶ የለም! ቅዱስም የለም! ይህ የእማማ ጴላጊያ ትንፋሽ ነው፣ እትዬ! መንደሩ በሙሉ ጨልሞ የሳቸው ማሽን በዚህ ነው የምትሠራው!»

ጎንበስ ብዬ ወለሉን በመዳፌ ዳበስኩት። አቧራ ነው፣ ደረቅ አቧራ። በሩን ዘጋሁና እሷን ጎትቼ ወደ ቤት ገባን። እናትህ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«አርጊሮ፣ መብራት ሄዷል?»

«ሄዷል፣ ጴላጊያ።»

«የናንተም?»

«መንደሩ በሙሉ።»

«ታዲያ ይህች ማሽን በምን ታፏጫለች?»

እትዬ አርጊሮ ዞራ አየችኝ። ከላስቲኳ ላይ ውኃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። «ልጅሽ በላከው» አለች።

እናትህ እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። «ወደዚያ ውሰዱኝ» አሉን።

ዝናቡ ጋብ ሲል ግራና ቀኝ ይዘን ወሰድናቸው። በእጃቸው አዩት። ግድግዳውን ከታች ጀምረው ዳበሱ፣ ክዳኑን፣ መስታወቱን፣ መስቀሉን። መስቀሉ ላይ ሲደርሱ ሊሳለሙ ከንፈራቸውን አስጠጉና ድንገት ወደ ኋላ አሉ።

«ይሞቃል» አሉ። ደግመው ጉንጫቸውን አስጠጉ። «ይተነፍሳል። በዕድሜዬ ስንት የቀንዲል ቤት ተሳልሜአለሁ፤ የሚተነፍስ ግን አላጋጠመኝም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ልጄ፣ ግራ ገባኝ።»

«እኔም እማማ» አልኳቸው።

«እኔም» አለች እትዬ አርጊሮ።

እዚያው ጭቃው ላይ ሦስታችንም ቆመን ሳቅን። መሳቃችን ይሁን ማልቀሳችን እንጃ። ቤት ስንገባ ቱቦውን በገዛ እጃቸው አነሱት።

«ለፋሲካ ይመጣል ብለሽኝ ነበር።»

ዕረፍትህ መጀመሪያ ለፋሲካ አልነበር? እኔም እሱን ይዤ «አዎ» አልኳቸው።

«ይምጣ። ራሱን ልዳብሰው። ከኋላ፣ ከበለስ ዛፍ ወድቆ ያገኛትን ጎድጓዳ ጣቴ ያውቃታል፤ እሷን ማሽን አይሠራትም። እስከዚያ እተነፍሳለሁ። ፋሲካ ካለፈ ግን እንዳትለምኚኝ።»

ይኸው ነው ቃሉ። አንተ እስከ መኸር እቆያለሁ ብለህ፣ እኔ ለፋሲካ ይመጣል አልኩ። ዋሸሁ ልበል? እሱ ያንተ ፋንታ ነው።

አላለቀም። ባለፈው ቅዳሜ የሙታን መታሰቢያ ነበር። እናትህ ኅብስቱን አስጋግረው ሰጡኝና «ለማንኛውም ስሙን ከሙታን ጋር አስጠሪው፤ ካለም አይጎዳውም» አሉኝ። ወረፋ ይዤ አባ ክሪሳንቶስ ፊት ደረስኩ። ኋላዬ ሴቱ ሁሉ ጆሮውን አቁሟል።

«ስትራቲስ» አልኩ።

«ከሕያዋን ነው ከሙታን?»

ለእናትህ ቃል ገብቻለሁ፣ አፌ ደግሞ እንቢ አለኝ። «ከሁለቱም ጋ ይጥሩልኝ፣ አባታችን።»

«አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቆምም፣ ጋሪፋሊያ።»

«ይቆማል አባታችን። እኔ አግብቼዋለሁ።»

ኋላዬ ያሉት ሳቃቸውን አፈኑ። አባ ክሪሳንቶስ ግን አልሳቁም። ጥቂት አዩኝና ኅብስቱን ተቀበሉኝ። ከሕያዋን ጋር ጠሩህ፣ ጮክ አድርገው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ የሙታኑ ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ጆሮዬን አላነሳሁም።

እና ስትራቲስ፣ አትፈርም። ፈርመህም ከሆነ ለምነህ አስቀድደው። የእናትህን ነገር ነግሬሃለሁ፤ ለሳቸው ስትል እንደምትመጣ አውቃለሁ። እኔ ግን ለኔም ብለህ እንድትመጣ ፈልጌ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ስትመጣ ምን እንደምልህ አላውቅም። ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ብቻ ሳስቀምጥ ኖሬ ሦስተኛው ሲመጣ የት እንደማኖረው ግራ ይገባኛል፣ ያለፈው ጊዜም ግራ ገብቶኝ ነበር፣ አንተ ግን አላየህም። ዘንድሮ እይልኝ። እኔም ያችን ጎድጓዳ ልዳብሳት፤ እውነቱን ንገሪኝ ካልከኝ የት እንዳለች ረስቻታለሁ።

ስለ ባትሪዎቹ አታስብ። ከዚያ ዝናብ ወዲህ ሁለቴ ከፍቼ አይቻለሁ፣ ቤታቸው አልጠጣም። ይተነፍሳል። እናትህም ይተነፍሳሉ፤ አሁን ራሱ ስጽፍ ማሽኗ ስታፏጭ እሰማታለሁ። ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ አንስቼዋለሁ፣ የሚያማትብ ያማትብ። ቀንዲል ግን ማንም እንዳያመጣ እትዬ አርጊሮን ጠባቂ አድርጌ ሾሜአታለሁ፤ ከኔ ይልቅ ጮሃ ታባርራለች።

ከወደቡ በታክሲ እንዳትመጣ። በአውቶቡሱ ና፤ ከፊት፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጥ። ጥጉ ጋ ሲደርስ ዝግ ብሎ ለነፍስህ ሲያማትብ፣ አንተ «እዚህ ጋ አውርደኝ» በለው።

እስክትመጣ ድረስ ሚስትህ ብዬ ልፈርም፣

ጋሪፋሊያ